ያላለቀው መስከረም፦ የሆቢ ግሩፖች ጨዋነት ወዴት ነው የሚሄደው?

አንዲት ልጅ የሳሎን ተክሏን ፎቶ አንስታ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብላ ግሩፓችን ላይ ለጠፈች። ጥያቄዋ ይሄ ብቻ ነው። መልሱም ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፣ ውሃ አብዝተሽበታል፣ አፈሩ ደረቅ እስኪል ጠብቂ፣ እቃው ከስሩ ቀዳዳ እንዳለው እዪ፣ በቃ። የመጀመሪያው መልስ ግን «ጎግል ሞቷል እንዴ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ሰውዬ የመጀመሪያውን ተቆጣው፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን «አንተ ደሞ ማን ነህ፣ ጠበቃዋ ነህ?» አለው፣ ከዛ አንዱ ተነስቶ ስለሰውዬው ስም የሆነ ነገር ተናገረ፣ እኛ ሀገር ስም ከተነሳ በኋላ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ደሞ ታውቁታላችሁ። ማታ ከስራ ስገባ ከመቶ በላይ ሜሴጅ ተከምሮ ጠበቀኝ፣ አንድ በአንድ አነበብኩት፣ ከዛ ሁሉ ሰው ውስጥ «ውሃ ቀንሺ» ያላት አንድም የለም። ልጅቷ ግሩፑን ለቃ ወጥታለች።

እኔ ከግሩፑ ሦስት አድሚኖች አንዱ ነኝ፣ ደሞዝ የለው ምን የለው፣ የቤት ውስጥ ተክል ስለምወድ ብቻ የገባሁበት ጣጣ ነው። እንዲህ አይነት ነገር ሲፈጠር ሰው የሚለን ሁሌም አንድ ነው፣ «ያንን ሰውዬ ለምን አታባርሩትም?» አባረርነው እኮ! እሱን አባረርን በሳምንቱ ሌላ መጣ፣ እሱንም አባረርን፣ ሦስተኛው በጥባጭ ግን ግሩፑ ሲከፈት ጀምሮ የነበረ፣ ችግኝ አባዝቶ ለማያውቀው ሰው በነፃ የሚያድል፣ ሁላችንም ጨዋ የምንለው ሰው ሆኖ ተገኘ። ያኔ ነው ነገሩ የአንድና የሁለት ሰው ፀባይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝና ሌላው ዓለም ይሄን ጉድ እንዴት እንዳሳለፈው ማንበብ የጀመርኩት። ለካ ከቴሌግራምም ከፌስቡክም በፊት የነበረ በሽታ ነው፣ እንደውም ዌብሳይት የሚባል ነገር ከመኖሩም በፊት።

ዩዝኔት የሚባል ነገር ነበረ (ጨርሶ አልሞተም፣ አሁንም ጥግ ላይ አለ)። በፈረንጆቹ 1979 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ የሚባሉ ልጆች አሰቡት፣ በ1980 ለሰው ተዋወቀ። አሰራሩ ቀላል ነው፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ መልእክት በስልክ መስመር ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይገለበጣል፣ ያኛውም ወደሚቀጥለው ያስተላልፋል፣ እንዲህ እያለ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ባለቤት የለውም፣ ዋና መስሪያ ቤት የለውም፣ አብዛኛው ክፍል አድሚን እንኳን የለውም። ውይይቱ በርዕስ በርዕስ ተከፋፍሏል፣ በ1987 ትልቅ የስም ለውጥ ሲደረግ ለሆቢና ለመዝናኛ ብቻ «ሬክ» የሚባል ቅርንጫፍ ተለየለት፣ ስለ ድመት፣ ስለ ብስክሌት፣ ስለ ጓሮ አትክልት የሚያወራ ሁሉ እዛ ስር ነው የሚሰበሰበው። ማለት የኛ ግሩፕ አያት ቅድመ አያት ቢባል ይሄ ነው።

ባለቤት ከሌለው ታዲያ ስርዓቱን ማን ይጠብቃል? ሰዉ ራሱ ነበር የሚጠብቀው። በየክፍሉ ደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ተሰብስበው በየጊዜው ይለጠፋሉ፣ አዲስ ሰው መጀመሪያ እሱን ያነባል፣ ሳያነብ ከጠየቀ «ሂድና አንብብ» ይባላል፣ አንዳንዴ በትህትና አንዳንዴም በቁጣ። በኋላ በ1995 ይሄ ያልተጻፈ የጨዋነት ህግ አር.ኤፍ.ሲ 1855 በሚባል ሰነድ ተጽፎ ወጣ፣ ውስጡ ካሉት ምክሮች አንዱን ሳነብ በሳቅ ነው የሞትኩት፣ አንድ ውይይት ውስጥ ስትገባ ምንም ከመጻፍህ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ዝም ብለህ አንብብ ይላል። ሁለት ወር! እኛ ጋ ሰው በሊንክ ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ ነው የሽያጭ ፖስተር የሚለጥፈው።

አሁን ወደ መስከረም እንምጣ። ለኛ መስከረም ማለት አደይ አበባ ነው፣ እንቁጣጣሽ ነው፣ አዲስ ደብተር ነው። ለዩዝኔት ሰዎች ግን መስከረም በየዓመቱ የሚፈሩት ወር ነበር፣ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገባው በሴፕቴምበር ነው፣ ፍሬሹ ሁሉ በህይወቱ የመጀመሪያውን የኮምፒውተር አካውንት ይቀበልና ዩዝኔት ላይ ይጎርፋል፣ ያው እንደማንኛውም ፍሬሽ ይቀውጠዋል። ግን ችግር የለውም፣ ነባሮቹ ይመክራሉ ይቆጣሉ ያሾፋሉ፣ የማይሰማው ይሰለቸውና ይሄዳል፣ የሚሰማው ይለምዳል፣ ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነገሩ ይረጋጋል። በየዓመቱ እንደዛ ነበር።

ከዛ 1993 መጣ። አሜሪካ ኦንላይንና መሰል ድርጅቶች ለማንኛውም ቤቱ ኮምፒውተር ላለው ሰው ወርሃዊ ክፍያ እየተቀበሉ ዩዝኔትን መክፈት ጀመሩ፣ አሜሪካ ኦንላይን ራሱ በሩን የከፈተው በ1994 መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ነው፣ በዛው ዓመት ክረምት ደሞ የደንበኛው ብዛት አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ከዛ በኋላ በየቀኑ አዲስ ሰው ነው፣ ጥቅምት የለም ህዳር የለም፣ ሁልጊዜ መስከረም። በ1994 ጃንዋሪ አንዱ ተጠቃሚ የ1993 ሴፕቴምበር ያላለቀው ሴፕቴምበር ተብሎ በታሪክ ይመዘገባል ብሎ ጻፈ፣ አባባሉም እስከዛሬ ቀረ። ቀልደኞች ጭራሽ ቀኑን ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1993 ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚቆጥር ፕሮግራም ሰሩ፣ በሱ አቆጣጠር የፈረንጆቹ 2000 የገባው «ሴፕቴምበር 2314 ቀን 1993» ላይ ነው። የኛ አስራ ሦስት ወር ይገርማቸው የለ፣ እነሱ በአንድ ወር ቀሩ።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ። አዲሶቹ መጥፎ ሰዎች አልነበሩም። ከዛ በፊት ይገቡ ከነበሩት ፍሬሾች የባሱም አይመስለኝም። የተለወጠው ቁጥሩና ፍጥነቱ ነው።

የታክሲ ሰልፍ አስቡት፣ መገናኛም በሉት ሜክሲኮ። አስር ሰው ተሰልፎ ከቆመ አስራ አንደኛው ማንም ምንም ሳይለው ሄዶ ከኋላ ይቆማል፣ ስርዓቱን ያስተማረው ሰው የለም፣ ያየውን ነው ያደረገው። ዝናብ መጥቶ ወይ ታክሲ ጠፍቶ ሰልፉ አንዴ ከፈረሰ ግን ያው ጨዋ ሰውዬ በክርኑ እየገፋ ነው የሚገባው፣ ምክንያቱም አሁን የሚያየው ግፊያ ነው፣ ግፊያ ውስጥ ሰልፍ የሚይዝ ሞኝ ደሞ ሲጨልም እዛው ነው የሚገኘው። ግሩፕም እንደዛው ነው። አዲስ ሰው ጨዋነትን የሚማረው ከህጉ ሳይሆን ከፊቱ ካሉት ሰዎች ነው፣ ከፊቱ ያሉት ነባሮች ሲሆኑ ከነባር ይማራል፣ ከፊቱ ያሉት ትናንት የገቡ ሲሆኑ ከነሱ ይማራል፣ ማንም ሳይከፋ ስርዓቱ ይፈርሳል። የኛ ግሩፕም የተበላሸው ጥቂት መቶ ሰው እያለን አይደለም፣ አንድ ትልቅ ቻናል ሊንካችንን ሼር አድርጎት በአንድ ሳምንት ውስጥ እጥፍ የሆንን ጊዜ ነው። ደስ ብሎን ኬክ ቆርሰናል እኮ።

ሰልፍ ሲፈርስ ደሞ ቀድሞ የሚገባው ነጋዴ ነው፣ ይሄኛው ታሪክ እኛንም ይነካናል። ኤፕሪል 12 ቀን 1994፣ በኛ ሚያዝያ 1986 ማለት ነው፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የሚባሉ አሪዞና የነበሩ ባልና ሚስት ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ ከአምስት ሺህ በላይ የዩዝኔት ክፍሎች ላይ በአንዴ ለጠፉ። ስለ ድመት የሚያወራውም ስለ ሂሳብ የሚያወራውም ኮምፒውተሩን ሲከፍት ያው አንድ ማስታወቂያ ነው የጠበቀው። የምን ማስታወቂያ መሰላችሁ? የዲቪ! አዎ ያው የምናውቀው የግሪን ካርድ ሎተሪ፣ የዘንድሮው የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፣ ቀኑ ሳያልፍ በኛ በኩል ሙሉ፣ ክፍያ አለው። ሎተሪውን ማንም ሰው ራሱ በነፃ ሞልቶ መላክ ይችል ነበር። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ ዲቪ ሲከፈት ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀትና ሰልፉ ነው፣ ብቻ ስፓም የሚባለው ነገር በዓለም ላይ የታወቀበት የመጀመሪያው ትልቅ ማስታወቂያ የኛን ሰው ልብ ስንት ጊዜ ያንጠለጠለው ሎተሪ መሆኑ ዝም ብሎ አይታለፍም።

ሰዉ ምን አደረገ? ተናደደ፣ የተናደደው ሁሉ ለጠበቆቹና ኢንተርኔት ለሚሸጥላቸው ድርጅት የስድብና የአቤቱታ መልእክት ላከ፣ የድርጅቱ ኮምፒውተር በመልእክት ብዛት ደጋግሞ ወደቀ፣ አካውንታቸውም ተዘጋ። አንድ የኖርዌይ ልጅ ደሞ የነሱን መልእክት እያደነ የሚሰርዝ ፕሮግራም ሰራ። ጠበቆቹ ግን ምንም አልመሰላቸውም፣ ከ100,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ስራ አገኘንበት አሉ፣ ጭራሽ ኢንተርኔት ላይ እንዴት ሀብታም እንደሚኮን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ። ካንተር በ1997 ቴነሲ ውስጥ የጥብቅና ፈቃዱን ሲነጠቅ ይሄም ማስታወቂያ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ሶስት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው፣ እስከዛ ድረስ መንገዱን ስንቱ ተከትሎታል። ለበጥባጩ ወጪው ዜሮ ነው፣ ለሌላው ሰው ግን ማንበብ፣ መሰረዝ፣ መናደድ፣ ሁሉም ዋጋ አለው፣ ዛሬም ሂሳቡ ያው ነው።

ነጋዴው ቢያንስ የሚፈልገው ይታወቃል። ሌላው ግን የሚፈልገው የናንተን ንዴት ነው፣ ትሮል ይሉታል። «ትሮል» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ከተረት ጭራቅ ጋር ያያይዘዋል፣ አጠቃቀሙ ግን የመጣው ከአሳ ማጥመድ ነው፣ ጀልባ በቀስታ እየሄደች ከኋላ መንጠቆ ትጎትታለች፣ የራበው አሳ ይመጣና ይውጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩዝኔት ላይ ነባሮች ሆን ብለው የተሳሳተ ወይ የታከተ ጥያቄ ይጥሉና ማን እንደሚውጥ ያያሉ፣ የሚውጠው አዲስ ሰው ነው፣ ቀልድ ነበር። በኋላ ከቀልድ አለፈ። በ1993 ክረምት ቆሻሻ ቀልድ የሚያወራ ክፍል ያሉ ሰዎች ተጠራርተው የድመት ወዳጆቹ ክፍል ገቡ፣ እንደ ደህና ሰው ስለ ድመታቸው ምክር እየጠየቁ፣ ከዛ ድመት ላይ ስለሚፈጸም ጭካኔ እርስ በርስ እየተመካከሩ። የድመት ሰዎች ቀወጡት፣ ለመኑ፣ ተሳደቡ፣ ከሰሱ፣ በቀወጡት ቁጥር ሌላው ይስቃል። እነሱ እኮ ድመት አይደለም የፈለጉት፣ ጩኸቱን ነው። ዱላ ይዞ የሚያባርርህ ሽማግሌ ባይኖር የጎረቤት ደወል ነክቶ መሮጥ ማንን ያስደስት ነበር?

ዩዝኔት ላይ ለዚህ የነበረው መድኃኒት ኪል ፋይል ይባላል። የሰውዬውን ስም እዛ ፋይል ውስጥ ትጨምረዋለህ፣ ከዛ በኋላ አንተ ጋ የሱ ጽሁፍ አይታይም፣ አንዳንዱ ደሞ ለማሳወቅ ያህል «ፕሎንክ» ብሎ ይመልስለታል፣ ሰውዬው ፋይሉ ግርጌ ላይ ዱብ ሲል የሚሰማው ድምፅ ነው አሉ። እኛ ብሎክ የምንለው ነው በአጭሩ። እኔ ይቺን ፕሎንክ ወድጃታለሁ።

ግን ሁሉም ጠብ መንጠቆ አይደለም፣ እንደውም ግሩፓችን ውስጥ ያየሁት አብዛኛው ጠብ ከአለመግባባት የሚነሳ ነው። ጽሁፍ ድምፅ የለውም፣ ፊት የለውም። በ2005 ክሩገርና ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ሰዎች በኢሜይል የምርና የሽሙጥ አረፍተ ነገር እንዲልኩ ተደረገ፣ ላኪዎቹ 78 በመቶውን ተቀባዩ ይለየዋል ብለው ገመቱ፣ ተቀባዮቹ በትክክል የለዩት 56 በመቶውን ነው። ሳንቲም ብትጥልም ሃምሳ ይመጣል እኮ! ከሱ ብዙ ዓመት በፊት በ1982 ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሳንሰር ላይ ሜርኩሪ ስለመፍሰስ የተጻፈች ቀልድ አንዳንዱ እውነተኛ የአደጋ ማስጠንቀቂያ መስላው ነበር፣ በዛ ሰበብ ነው ስኮት ፋልማን የሚባል ሰው ቀልድ ሲሆን ሁለት ነጥብ ሰረዝና ቅንፍ እናድርግ፣ በጎን ሲታይ ፈገግታ ይመስላል ያለው። የዛሬው ኢሞጂ ሁሉ ዘር ማንዘሩ እዛ ይደርሳል። ቀኑ? ሴፕቴምበር 19። መስከረም አይለቃቸውም።

አማርኛ ላይ ደሞ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። ፈረንጅ ሲጮህ በትልልቅ ፊደል ይጽፋል፣ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በቃለ አጋኖ ነው የምንጮኸው፣ እሱ ቀላል ነው። ከባዱ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ለማንም «ዩ» ብለህ ታልፋለህ፣ አማርኛ ላይ ግን ገና አፍህን ከመክፈትህ ወንድ ነው ሴት፣ ትልቅ ነው ትንሽ የሚለውን መወሰን አለብህ፣ ፕሮፋሉ ላይ ያለው ደሞ የጽጌረዳ ፎቶ ነው። ብልጦቹ «እናንተ» ብለው ያመልጣሉ ወይ ግሱን ያዞሩታል፣ ያልታደለው ደሞ የስልሳ ዓመት ሰው «አንቺ» ብሎ ቁጭ። ጠብ ሲጀመርም መጀመሪያ የሚወድቀው ይሄ ነው፣ እርስ በርስ «እርስዎ» ሲባባሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች አንደኛው ድንገት ወደ «አንተ» ከወረደ፣ ስድብ ባይኖርበትም ያ በራሱ ጥፊ ነው፣ እኔ አሁን አድሚን ሆኜ የምጠብቀው ስድቡን ሳይሆን የ«አንተ»ዋን መምጣት ነው፣ ልክ እሷ ስትመጣ ግሩፑን ለትንሽ ጊዜ እዘጋዋለሁ።

ያ ችግኝ የሚያድለው ጨዋ ሰውዬ እንዴት በጥባጭ ሆነ ለሚለው ግን የተሻለ መልስ ያገኘሁት በ2017 ከስታንፎርድና ከኮርኔል የወጣ ጥናት ላይ ነው። ጀስቲን ቼንግና ጓደኞቹ 667 ሰው ሰበሰቡ፣ ግማሹን ቀላል ፈተና ግማሹን ከባድ ፈተና ሰጥተው ከባዱን የወሰዱትን ስሜታቸውን አበላሹት፣ ከዛ ሁሉም አንድ ጽሁፍ አንብበው ኮመንት እንዲሰጡ ተደረገ፣ ለአንዳንዱ ቀድመው የተጻፉት ኮመንቶች ጨዋ ናቸው፣ ለአንዳንዱ የበጥባጭ ናቸው። ደህና ስሜት ላይ ሆኖ ጨዋ ኮመንት ካየው 35 በመቶው በጥባጭ ነገር ጻፈ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ወደ ግማሽ ተጠጋ፣ ሁለቱም ሲበላሹ 68 በመቶ ደረሰ። ያው ሰው ነው እኮ! የሲ.ኤን.ኤን ዌብሳይትን ኮመንቶች ሲያዩ ደሞ፣ በተቆጣጣሪ ከተያዙት ኮመንቶች ከአራቱ አንዱ ከዛ በፊት ምንም ጥፋት በሌለበት ሰው የተጻፈ ነው፣ ሌሊት ይብሳል፣ ሰኞ ይብሳል።

ይሄን ሳነብ ሰውዬውን ረስቼ ራሴ ትዝ አልኩኝ። አንድ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቆሜ ቤት ስገባ መብራት የለም፣ ስልኬ ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው፣ ግሩፑን ስከፍት አንድ ሰው በዛ ሳምንት ለስንተኛ ጊዜ የተጠየቀውን የቢጫ ቅጠል ጥያቄ ጠየቀ፣ ከሱ በላይ ደሞ ሁለት ሰዎች እየተነቋቆሩ ነበር። «ወንድሜ ማንበብ አትችልም እንዴ፣ ከላይ ፒን ተደርጓል» ብዬ ላኩለት። መልሱ ቶሎ መጣ፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ዓይኔም ደከም ብሏል፣ የባለቤቴ አበባ ስለሆነ እንዳይሞትብኝ ብዬ ነው» ይላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አድሚኑ እኔ ነኝ እንግዲህ፣ በዛች ማታ የግሩፑ በጥባጭ እኔ ነበርኩ፣ እኔን ማን ያባርረኝ? ጋሼን በውስጥ መስመር ይቅርታ ጠይቄ ስለ አበባው ብዙ አወራን፣ ባለቤታቸው አርፈው ነበር።

እና መፍትሄው ምንድን ነው፣ ዝም ማለት ነው? ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ፈረንጆቹም ትሮልን አትመግቡ ይላሉ፣ እነ ቼንግ በ2014 ያወጡት ሌላ ጥናትም በከፊል ይደግፈዋል፣ ኮመንቱ በሌሎች የተጠላበት ሰው አይታረምም፣ ጭራሽ ብዙ መጻፍ ይጀምራል፣ የሚጽፈውም ይብስበታል፣ ሌላውንም ሰው ማጥላላት ይጀምራል። ማለት ያ ሁሉ መቶ ሰው ተሰብስቦ ሲቆጣው ምግብ ነው እየሰጠው ያለው። ግን እዛው ጥናት ላይ ሌላ ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ ጥሎ የሚሄደው ምንም መልስ ያላገኘ ሰው ነው። ይሄ ነው የኔን ሀሳብ የለወጠው። በጥባጩን የሚያስርበው ዝምታ ያቺን ልጅም ያባርራታል። እኛ ደሞ በተግባር ስናደርግ የኖርነው ተገልብጦ ነው፣ ለሱ መቶ መልስ፣ ለሷ ዜሮ።

ህግ መለጠፍስ ይጠቅማል ወይ ላላችሁ፣ እኔ አይጠቅምም ባይ ነበርኩ፣ ማን ያነበዋል ብዬ። ናታን ማታያስ የሚባል ተመራማሪ ሬዲት ላይ 13 ሚሊዮን ተከታይ ባለው የሳይንስ ክፍል ሞክሮት በ2019 አሳተመው፣ በእጣ ከተመረጡ ውይይቶች አናት ላይ ህጉን አጭር አድርጎ ሲለጥፍ ህግ የሚያከብሩት አዲስ ገቢዎች ከ8 ፐርሰንቴጅ ነጥብ በላይ ጨመሩ፣ ከዛ በላይ የገረመኝ ደሞ የሚሳተፈው አዲስ ሰው በአማካይ በ70 በመቶ ጨመረ። ህግ ሰው ያስፈራራል ይመስላችኋል አይደል? አዲስ ሰው የሚፈራው ህጉን ሳይሆን ሳያውቀው ረግጦት መዋረድን ነው መሰለኝ፣ ሰልፉ የት እንደሚጀምር ካሳየኸው ይሰለፋል።

ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ግን ሰው ነው፣ በነፃ። ተራ አስከባሪ እንኳን ከታክሲው ሳንቲም ይቀበላል። አድሚን የሚከፈለው «አምባገነን» በመባል ነው፣ ስትሰርዝ ሳንሱር ነው፣ ሳትሰርዝ ተባባሪ ነህ፣ ስለዚህ ብዙ ግሩፕ የሚሞተው በበጥባጭ ሳይሆን አድሚኑ ሰልችቶት ሲተወው ነው። እኛ ሦስታችን ተራ ገብተናል፣ ማታ ማታ ስሎው ሞድ ይበራል፣ ያቺ ቴሌግራም ላይ ያለችው አንድ ሰው አንዴ ከጻፈ በኋላ ትንሽ እንዲቆይ የምታስገድደው ማለት ነው፣ ሰኞ ደሞ ረዘም ይላል፣ እነ ቼንግ ምስጋና ይግባቸው። ማንም የሚሸጥ ነገር ያለው ቅዳሜ ብቻ ነው የሚለጥፈው። ፒን ያደረግነው ህግ ድሮ አስራ ዘጠኝ ቁጥር ነበረው፣ አሁን አራት መስመር ነው፣ የመጀመሪያው መስመር ህግ እንኳን አይደለም፣ «ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ይቀንሱ» ይላል፣ በእርስዎ ነው የተጻፈው፣ ጋሼን አስበን።

አንድ ያልተጻፈ ህግም በመሃላችን አለ፣ መንጠቆ ስናይ ለመንጠቆው ሳይሆን ለጠየቀው ሰው ነው የምንመልሰው፣ ቢያንስ ሦስት ሰው ቶሎ ቶሎ፣ ነገሩ ወደ ላይ ሄዶ እስኪሰወር። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ የባህር ዛፍ ችግኝ በሳሎን ማሳደግ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ (አይቻልም፣ ወይም ለጥቂት ወር ይቻላል)። ወዲያው አንዱ «ለምን ዝሆንም አታሳድግም» አለው። ሰዉ በሙሉ ስለ ብርሃን፣ ስለ ስሩ ርዝመት፣ በምትኩ ምን ቢተክል እንደሚሻል መጻፍ ጀመረ፣ የዝሆኑን ነገር ያነሳው የለም። ሰውዬው ጥቂት ጠብቆ ራሱ ሰረዘው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ደሞ አንድ ፎቶ ለጠፈ፣ እሬቱ ከስሩ በስብሶበታል፣ ምን ላድርግ ይላል።

ውሃ አብዝቶበት ነው።